ካሜራ ያልደረሰለት ዘፈን

ባለፈው ዓመት ማለቂያ ላይ፣ ፈተናው አብቅቶ የአገር ቤት መኪና በምንጠብቅበት ሰሞን፣ ስድስት ልጆች ዶርማችን ውስጥ በአንዲት ላፕቶፕ ዙሪያ ተኮልኩለን «ውድስቶክ» የተባለውን ፊልም አየን። ፊልሙ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ፤ እኛ ግን ንቅንቅ አላልንም። ጭቃ ላይ የሚንሸራተቱትን ጎረምሶች፣ ዝናብ እየወረደበት የሚያጨበጭበውን ሕዝብ፣ በመጨረሻም አብዛኛው ሰው ከሄደ በኋላ በጠዋት ጊታሩን የሚያስለቅሰውን ጂሚ ሄንድሪክስን አየን። ሲያልቅ አንዱ ጓደኛችን፣ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ እየተንጠራራ ተነሣና «በዚያን ጊዜ እኮ እናንተ ጋ ምንም አልነበረም!» አለኝ።

«እናንተ ጋ» ማለቱ ጅጅጋን ነው። በክፋት አይደለም፤ ልጁ ክፋት አያውቅም። ሰው ያየውን ያምናል፤ ያልተቀረጸ ነገር ደግሞ እንዳልሆነ ይቆጠራል። እኔም መልስ አጥቼ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ግን ክረምቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ከረመ። እንግዲህ ይህች ጽሑፍ ዘግይታ የመጣች መልስ ናት። (ዓ.ም ብዬ ያላመለከትኩት ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

በመጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ከ1960ዎቹ ማለቂያ እስከ 1970ዎቹ ማለቂያ ያለው ጊዜ የሙዚቃ ፊልም የደራበት ዘመን ነበር። ፔንቤከር የተባለው አሜሪካዊ «ሞንተሬይ ፖፕ»ን በ1968 አወጣ። የውድስቶክ ዝግጅት የተደረገው በኦገስት 1969 ነው፤ ማይክል ዋድሊ ያዘጋጀው ፊልም በሚቀጥለው ዓመት ወጥቶ የዶኩመንተሪ ኦስካር ተሸለመ። የዝግጅቱ ባለቤቶች ያን ጊዜ ከስረው ነበር። ስሙን በዓለም ያዳረሰው ፊልሙ ነው። ያው በ1970 የሜይዝልስ ወንድማማቾች «ጊሚ ሼልተር»ን አወጡ። እዚያ ውስጥ አልታሞንት በተባለ ቦታ ሮሊንግ ስቶንስ እየተጫወቱ ሳለ አንድ ጥቁር ወጣት በጩቤ ሲወጋ ካሜራው ይዞታል። ልጁ ሞተ። ስለዚህ የሙዚቃ ፊልም ማለት ጭፈራ ብቻ አልነበረም፤ ምስክርም ነበር።

በ1971 ጆርጅ ሃሪሰንና ራቪ ሻንካር ለባንግላዴሽ ስደተኞች ኒውዮርክ ላይ ኮንሰርት አዘጋጁ፤ ፊልሙ በ1972 ወጣ። ሻንካርና ባልደረቦቹ መሣሪያቸውን ሲቃኙ ሕዝቡ ዘፈን መስሎት አጨበጨበላቸው፤ ያም አልተቆረጠም፣ ፊልሙ ውስጥ አለ። በ1973 የወጣው «ዋትስታክስ» ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። በሎስ አንጀለስ ስታዲየም መግቢያው አንድ ዶላር ብቻ የነበረ የጥቁሮች ኮንሰርት ነው፤ ነገር ግን ካሜራው ስታዲየሙ ውስጥ አይቀመጥም፤ ወጥቶ ፀጉር ቤት ይገባል፣ መንገድ ዳር ይቆማል፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ኑሮ ሰዉን ያናግራል። የነዚህ ፊልሞች ትልቁ ትምህርት ይኸው ይመስለኛል። የኮንሰርት ግማሹ መድረኩ ነው፤ ግማሹ የሚሰማው ሕዝብ ነው።

ነገሩ የአሜሪካ ብቻም አልነበረም። ዊልያም ክላይን በ1969 አልጄርስ ላይ የተደረገውን የመላ አፍሪካ የባህል ፌስቲቫል ቀርጿል። ማርች 6 ቀን 1971 አክራ ውስጥ፣ በጥቁር ኮከብ አደባባይ፣ ዊልሰን ፒኬት፣ አይክና ቲና ተርነር፣ ሳንታናና ሌሎችም የጋናን ነጻነት 14ኛ ዓመት ምክንያት አድርገው ሌሊቱን ሲጫወቱ አደሩ። «ሶል ቱ ሶል» የተባለው ፊልም በዚያው ዓመት ወጣ። በፊልሙ ውስጥ አሞዋ አዛንጌዮ የሚባል ጋናዊ ቅሉን ይዞ ከጃዝ ፒያኖ ተጫዋቹ ከሌስ ማካን ጋር ይታያል። ቅልና ፒያኖ በአንድ መድረክ! በሴፕቴምበር 1974 ደግሞ ኪንሻሳ ውስጥ፣ ከመሐመድ አሊና ከጆርጅ ፎርማን ቡጢ ጋር ተያይዞ፣ ጄምስ ብራውን፣ ሚሪያም ማኬባ፣ ቢ.ቢ. ኪንግ፣ ሴሊያ ክሩዝና ፍራንኮ ተጫወቱ። ፎርማን በልምምድ ላይ ዐይኑ አጠገብ ተሰንጥቆ ቡጢው ወደ ኦክቶበር 30 ሲዛወር፣ ሙዚቃው ግን በቀኑ ተካሄደ፤ ካሜራዎቹም ቀረጹት።

ታዲያ አክራ የደረሰ፣ ኪንሻሳ የደረሰ ካሜራ ወደ እኛ አልመጣም? መጣ እንጂ። የመጣው ግን ለዘፈን አልነበረም። በ1973 እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ድረስ ሄዶ ረሃቡን ቀረጸ። ያ ፊልም በ1967 ዓ.ም በእንቁጣጣሽ ዕለት ከቤተ መንግሥት የግብር ሥዕሎች ጋር ተቀጣጥሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ። ፊልም ምን ያህል ጉልበት እንዳለው እኛ ከውድስቶክ ልጆች በላይ እናውቃለን ማለት ነው። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ጅጅጋ መስከረም 2 ቀን 1970 ዓ.ም በሶማሊያ ጦር ተያዘች፤ የካቲት 26 ቀን፣ ከካራማራው ውጊያ ጋር፣ ተመለሰች። የዚያን ዘመን የጅጅጋ ስም በዓለም ዜና ላይ ከታንክና ከመድፍ ጋር ነው የሚነሣው። ሰርግ የሚደረግባት፣ ዑድ የሚመታባት ከተማ መሆኗን ማን አየ?

በ1980ዎቹም ያው ነው። ጁላይ 13 ቀን 1985 ለንደንና ፊላዴልፊያ ላይ «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ታላቅ ኮንሰርት ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ተደረገ። አሥራ ስድስት ሰዓት ያህል በቴሌቪዥን ተላለፈ። የኢትዮጵያ ስም ቀኑን ሙሉ ሲጠራ ዋለ፤ የኢትዮጵያ ዘፋኝ ግን በሁለቱም መድረክ ላይ አልቆመም። እርዳታው መልካም ነበር፣ ማንም አይክደውም። ነገር ግን ስለ እኛ በተሠራው ትልቁ የሙዚቃ ሥርጭት ውስጥ የኛ ድርሻ መራብ ብቻ ነበር። በ1980 ዓ.ም አካባቢ «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው የኪነት ጓድ ዓለምን ዞሮ ባህላችንን ሲያሳይ ትንሽ ተካሰ መሰለኝ፤ የዚያ ጉዞ ቪዲዮ እስከ ዛሬ ይታያል።

አሁን ወደ መሣሪያው ልግባ፤ ምክንያቱ ከዚያ ውስጥ ይገኛልና። እነዚህ ፊልሞች በአብዛኛው በ16 ሚሊሜትር ፊልም የተቀረጹ ናቸው። አንድ የተለመደ ጥቅል 122 ሜትር ገደማ ነው፤ በሰከንድ 24 ሥዕል ሲሮጥ አሥራ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ያልቃል። አሥራ አንድ ደቂቃ! አንድ የሶማሌ ሽማግሌ ግጥሙን ከመጀመሩ በፊት ሰላምታውን ሳይጨርስ ማለት ነው። ከዚያ ጥቅሉ ይለወጣል፣ ፊልሙ ላቦራቶሪ ሄዶ ይታጠባል፣ ለብቻው የተቀዳው ድምፅ ከሥዕሉ ጋር ይገጣጠማል። ለዚህ ሁሉ ገንዘብ፣ መብራት፣ ባለሙያና አውሮፕላን ያስፈልጋል። ፊሊፕስ በ1963 ያወጣት ካሴት ግን ምን ትፈልጋለች? ጥቂት ባትሪ ድንጋይ ብቻ። ስድሳ ወይም ዘጠና ደቂቃ ትይዛለች፤ ኪስ ውስጥ ትገባለች፤ ከአንዱ ቴፕ ወደ ሌላው ትገለበጣለች፤ ፍተሻ ላይ ከሻይ ቅጠል ጋር ትጠቀለላለች። ካሜራ ያልገባበት አገር ሁሉ ካሴት ገባ።

ለመሆኑ ካሴቱ ሲመጣ ምን አገኘ? ባዶ ሜዳ አላገኘም። በ1940ዎቹ አጋማሽ ቦረማ አካባቢ አብዲ ደቅሲ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ሰው ሁሉ የሚያውቀው «አብዲ ሲኒሞ» በሚል ቅጽል ስሙ ነው፤ ሲኒሞ ማለት ሲኒማ ማለት ነው። እስቲ አስቡት፣ ፊልም ያልቀረጸው አገር ዘፋኙን ሲኒማ ብሎ ጠራው! መኪናው ሐባስ በተባለ ቦታ ተበላሽቶበት መንገድ ላይ ሲቀር፣ በብስጭት መሀል ያወጣት አጭር ግጥም «በልዎ» ለተባለው የፍቅር ዘፈን መነሻ ሆነች ይባላል። በልዎ ጥቂት ስንኝ ናት፤ ጭብጨባና ባዶ የቤንዚን ቆርቆሮ ይበቃታል። ሼኮቹ ተቆጡ፣ ወጣቱ ወደደ። በጭነት መኪና ላይ እየተሳፈረች በሐርጌሳ፣ በጅቡቲ፣ በድሬዳዋና በጅጅጋ መንገድ ተዳረሰች። ሴቶችም ገቡበት፤ አንዷ በዘፈኑ ስም «ኸዲጃ በልዎ» እስከ መባል ደረሰች። ቀጥሎ አብዱላሂ ቀርሼና ጓደኞቹ ዑድ ጨመሩበት፤ በልዎ አድጋ «ሄሎ»፣ ኋላም «ሄስ» የተባለውን የዛሬውን የሶማሌ ዘፈን ወለደች።

በ1970ዎቹ እንግዲህ ይህ ዘፈን ጎልማሳ ነበር። አብዛኛው የሚወለደው «ሪዋያድ» ከሚሉት የመድረክ ተውኔት ውስጥ ነው፤ ከመድረኩ ወደ ሬዲዮ፣ ከሬዲዮው ወደ ካሴት ይገለበጣል። ወደ ምዕራብ ስንሄድ ድሬዳዋ ላይ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ አፍረን ቀሎ የተባለው የሙዚቃ ቡድን ነበር፤ ከዚያ የወጣው ዓሊ ቢራ ከኦሮምኛው ሌላ በሶማሊኛም በአማርኛም ይዘፍን ነበር። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አምሃ እሸቴ ከ1969 እስከ 1975 ድረስ በሸክላ ሲያሳትም ነበር። ድንበሩም ጠቡም እያለ፣ ዘፈኑ ግን ፓስፖርት አልጠየቀም። ከቶጎ ውጫሌ የሚመጣው ሹፌር አንዱን ካሴት አውጥቶ ሌላውን ሲያስገባ፣ ከሐርጌሳ ሬዲዮ ወደ ጥላሁን፣ ከጥላሁን ወደ ዓሊ ቢራ መሻገሩ ነበር። ካራማራን ሲወጣ አንዱ ዘፈን ያልቃል፣ ሲወርድ ሌላው ይጀምራል።

ካሴት ደግሞ ዘፈን ብቻ አልያዘም፤ ደብዳቤም ነበር። ማንበብ የማይችል አባት ዓረብ አገር ላለው ልጁ በካሴት ይናገራል፤ ልጁም በካሴት ይመልሳል። ፖለቲካም ነበር። በ1979 ማለቂያ ላይ እነ ሃድራዊና ጋርዬ «ዴሌይ» የተባለውን የግጥም ቅብብል ጀመሩ። አንዱ ይገጥማል፣ ሌላው ይመልሳል፤ ቤት መምቻው ሁሉ በ«ድ» ፊደል ነው። ብዙ ገጣሚዎች ገቡበት። የሲያድ ባሬን መንግሥት የሚነካ ግጥም ሬዲዮ አያስተላልፈውም፤ ስለዚህ ከእጅ ወደ እጅ በካሴት ሄደ። ቀደም ብሎ አምስት ዓመት የታሰረው ሃድራዊ በኋላ ድንበር ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ ከሶማሊያ ብሔራዊ ንቅናቄ ጋር ተቀላቀለ። እሱ በ2022 አረፈ፤ ካሴቱ ግን አሁንም ይናገራል።

ከዚያ 1988 መጣ። በሜይ ወር ማለቂያ ንቅናቄው ቡርዖንና ሐርጌሳን ወጋ፤ የሲያድ ባሬ መንግሥት የገዛ ከተማውን በአውሮፕላንና በመድፍ ደበደበ። ሐርጌሳ ፈረሰች። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በእግሩ ወደኛ ተሻገረ፤ ከጅጅጋ በስተ ምሥራቅ ሐርተሼክ ላይ በዓለም ካሉት ሁሉ ከትልልቆቹ አንዱ የሆነ የስደተኛ ሠፈር ተተከለ፤ እስከ 2004 ቆየ። ቀብሪ በያህም ተከተለ። አሁን የምነግራችሁን ግን ልብ በሉ። በዚያ የመከራ ሰሞን የሬዲዮ ሐርጌሳ ሰዎችና ሌሎችም ዘፈን ወዳጆች ካሴቱንና ጥቅል ቴፑን አሽሽተውታል። ከፊሉን መሬት ቆፍረው ቀበሩ፤ ከፊሉን ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ አሻገሩ። ሰው ቤቱ እየነደደ ምን ይዞ ይወጣል? ልጁን፣ ገንዘቡን፣ ውሃ። እነዚህ ሰዎች ዘፈን ይዘው ወጡ።

የተቀበረው በኋላ ተቆፍሮ ወጣ። ዛሬ ሐርጌሳ ውስጥ ያለው የባህል ማዕከል ከአሥር ሺህ በላይ ካሴት ይዟል። ከዚያ ክምችት ተመርጦ በ2017 በውጭ አገር የታተመው የሶማሌ ዘፈኖች ስብስብ ለግራሚ ሽልማት በታሪካዊ አልበም ዘርፍ ታጨ። ከጉድጓድ እስከ ግራሚ! ያለ አንዲት ካሜራ።

ይህን ሳስብ ወደ ፊልሞቹ እመለሳለሁ። እነሱም ቢሆኑ በመቀረጽ ብቻ አልዳኑም። የኪንሻሳው ኮንሰርት ፊልም በገንዘብና በሕግ ጣጣ ተይዞ ዓመታት ተቀመጠ። የቡጢው ታሪክ «ዌን ዊ ዌር ኪንግስ» ተብሎ የወጣው በ1996 ነው፤ ሙዚቃው «ሶል ፓወር» ተብሎ የወጣው በ2008፣ ከ34 ዓመት በኋላ። አሬታ ፍራንክሊን በ1972 ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስትዘምር ሲድኒ ፖላክ ቀረጻት፤ ግን ሥዕልና ድምፅ የሚያገጣጥመውን፣ በየቀረጻው መጀመሪያ ጧ የሚደረገውን ሰሌዳ ስላልተጠቀሙበት ከንፈሯና ድምፅዋ አልገጥም ብሎ ሥራው ቆመ። ሰው ያየው በ2018 ነው፤ እሷ በዚያው ዓመት አረፈች። በ1969 ክረምት፣ ውድስቶክ በተደረገበት ወራት፣ ሃርለም ውስጥ የተቀረጸው የጥቁሮች ፌስቲቫል ደግሞ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ምድር ቤት ተቀምጦ በ2021 «ሰመር ኦቭ ሶል» ተብሎ ወጣ። እስከዚያ ድረስ ኒውዮርክ መሀል ላይ የሆነ ነገር እንኳ «አልነበረም» ሲባል ኖሯል ማለት ነው። ልዩነቱ ካሜራ መኖሩና አለመኖሩ ብቻ አይደለም። ያዳነ ሰው መኖሩ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ካልተናገርኩ ግን ግብዝነት ይሆንብኛል።

አያቴ ዘንድ አንድ ካሴት ነበር። በ1968 ዓ.ም፣ ጦርነቱ ሳይመጣ፣ በአንድ የዘመድ ሰርግ ላይ የተቀዳ ነው። ወንድሟ ዑድ ይመታል፣ ይዘፍናል፤ ሰው ያጨበጭባል። በዓመቱ ከጅጅጋ ሲሸሹ አያቴ ካሴቱን በሻሽ ጠቅልላ ብብቷ ሥር አድርጋ ወጣች። ወንድሟ ከዚያ ጉዞ አልተመለሰም። እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ቤት ውስጥ ያረጀ ቴፕ ነበር፤ ቀዩን ቁልፍ ከሌላው ጋር ስጫነው ድምፄ እንደሚቀዳ ደረስኩበት። ያገኘሁትን ካሴት ከትቼ የራሴን የኳስ ጨዋታ ዘገባ ቀዳሁ። እኔው ተጫዋች፣ እኔው ዳኛ፣ እኔው ተመልካች። ምን እንዳጠፋሁ ያወቅሁት አያቴ ሰምታው ጸጥ ስትል ነው። አልመታችኝም፤ አልተቆጣችኝም። ካሴቱን አውጥታ በሻሹ መልሳ ጠቀለለችው።

በዚህ ክረምት ቤት ስገባ ሄጄ ጠየቅኳት። «አዬዮ፣ ያ ካሴት አለ?»

«የት ይሄዳል?» አለች።

ቴፕ ከጎረቤት ለምኜ አመጣሁ። ከማጫወቴ በፊት ካሴቱን በእርሳስ በቀስታ አጠበቅኩት። ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል እኔ እጮኻለሁ፤ ጎል፣ ጎል፣ ደግሞ ጎል። አፈርኩ፣ ላብ በላብ ሆንኩ። አያቴ ዝም ብላ ትሰማለች። ከዚያ ቀጭ አለና የኔ ድምፅ ተቋረጠ፤ ከሥሩ ሰርጉ ብቅ አለ። የካሴቱ አንድ ገጽ ሠላሳ ደቂቃ ነው፤ ልጅነቴ ታክቶት አምስቱን ትቶልኛል። ሹሹታ ይበዛበታል። አንድ ሰው ሻይ ይጣራል፤ ከሩቅ የጭነት መኪና ጡሩምባ ይሰማል፤ ከዚያ ሳል፣ ከዚያ ዑድ።

አያቴ ዐይኗን ጨፍና መናገር ጀመረች። «ይቺ ሳል የእሱ ናት፤ ሁልጊዜ ከመጀመሩ በፊት ይስላል። ይቺ ቀድማ የምታጨበጭበው እገሊት ናት፤ ሙሽራዋ እኅት። ያ ከኋላ የሚስቀው እገሌ፣ በኋላ ጅቡቲ የሄደው።» ስማቸውን ሁሉ አንድ በአንድ ጠራች፤ እዚህ አልጽፈውም፣ የቤተሰብ ነው። ማን የት እንደተቀመጠ፣ ምን እንደለበሰ፣ ማን ከማን ተኳርፎ እንደነበረ ነገረችኝ። እኔ የሰማሁት ጭብጨባ ነው፤ እሷ ግን ታየው ነበር። «ዋትስታክስ» ውስጥ ካሜራው ከስታዲየም ወጥቶ ሰዉን ፍለጋ የሄደው ትዝ አለኝ። እዚህ ካሜራ አያስፈልግም ነበር፤ አያቴ ነበረች። ግን እሷ ባትኖርስ? ያ ጭብጨባ የማን ነው ይባላል?

ካሴት ሁሉን ይይዛል ማለቴ አይደለም። ዳንቶ የእግርና የትከሻ ነገር ነው፤ በጆሮ አይታይም። የወንድሟን ፊት እኔ አላውቀውም፤ አንድ ፎቶግራፍ እንኳ የለም። ካሜራ ባለመምጣቱ የጎደለብን እውነት ነው፤ ማለባበስ አያስፈልግም። ግን የጎደለና ያልነበረ አንድ አይደለም።

ካሴት ደግሞ አይጠብቅም። ቴፑ ላይ ያለው ማግኔት በላስቲክ ላይ በሙጫ የተለጠፈ ነው፤ ሙጫው በሙቀትና በእርጥበት ይላላል፣ አቧራ ይቆርጠዋል፣ ድምፁ በየዓመቱ ይደክማል። የያዘው ሰውም ያረጃል። አሁን በየሰርጉ ስልክ ተደቅኖ ሁሉም ይቀረጻል፤ ያ መልካም። የ1960ዎቹ ዓ.ም ሰርግ ግን ተመልሶ አይደገስም።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ በሚቀጥለው ዕረፍት አገር ቤት ስትገቡ፣ ጅጅጋም ሁን አውበሬ፣ ሽንሌም ሁን ቀብሪ በያህ፣ ወይም ደብረ ማርቆስና ነቀምት፣ ሣጥን አስከፍቱ። ካሴት ስታገኙ መጀመሪያ ከጀርባው ያሉትን ሁለት ትንንሽ የላስቲክ ጥርሶች ስበሩ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሕፃን በላዩ ሊቀዳ አይችልም። (ይህን አንድ ሰው ለቤተሰቤ ነግሮ ቢሆን ኖሮ!) ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት። ቴፑን ከስልክ ወይም ከኮምፒዩተር ጋር በሽቦ አገናኝታችሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቅዱት፤ ሳሉንም፣ ጭብጨባውንም አትቁረጡ። ከሁሉ በላይ ግን ሽማግሌ ወይም አሮጊት አጠገቡ አስቀምጡና «ይህ ማነው?» በሉ። መልሱንም ጻፉ፤ ዓመቱን፣ ቦታውን፣ የሹፌሩን ስም ሳይቀር።

ያ የአዲስ አበባው ጓደኛዬ ስንመለስ ዶርማችን ውስጥ አገኘሁት። ከስልኬ ላይ አምስቷን ደቂቃ አሰማሁት። ቋንቋውን አያውቅም፤ ግን አንገቱን ዘንበል አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማ። ሲያልቅ «ድገመው» አለኝ። ደገምኩለት። ለሦስተኛ ጊዜ ከመክፈቴ በፊት «ቆይ፣ ያቺ ቀድማ የምታጨበጭበው ማነች?» ሲል ጠየቀኝ።

ማን እንደሆነች ነገርኩት።